አንድ ፕሮጀክት ዊንዶውስም ኡቡንቱም ላይ ቢልድ ማድረግ

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሰላም ጀመዓ። ለእህል ነጋዴዎች የሚሆን የመጋዘን መመዝገቢያ በሲ ፕላስ ፕላስ እየሠራን ነው። እኔ ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው፤ ኮምቦልቻ ያለው ባልደረባዬ ደግሞ ዊንዶውስ። ቢልድ የምናደርገው (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የምንቀይረው) በሁለት ስክሪፕት ነው፦ የሱ የዊንዶውሱ ባች ፋይል፣ የኔ የሊኑክሱ ባሽ። አዲስ ፋይል በመጣ ቁጥር ሁለቱም ላይ መጻፍ አለበት፤ አንዱ ከተረሳ የአንዳችን ቢልድ ይሰበራል። አሁን ደግሞ የኔን ስክሪፕት ነካክቶ በጊት (የኮድ ለውጥ በምንከታተልበትና በምንጋራበት) ፑሽ ሲያደርግ እኔ ጋ አልሠራ አለ። ኤረሩ ከ«ባሽ» ቀጥሎ «^ኤም» የምትል ምልክት ያሳይና ፋይሉ የለም ይላል። ፋይሉ ግን ዓይኔ ሥር ነው! ምን ይሻላል?

መልስ፣ ከወልዲያ

አብሽሪ እህቴ። ያቺ ምልክት ከዊንዶውስ የመጣች የመስመር መጨረሻ ናት። ሊኑክስ፣ ኡቡንቱም ሊኑክስ ነው፣ መስመር የሚዘጋው በአንድ ስውር ምልክት ነው፤ ዊንዶውስ በሁለት። ኡቡንቱ ትርፏን ከፕሮግራሙ ስም ጋር አብሮ ያነባትና «እንዲህ የሚባል ባሽ የለም» ይላል። ፕሮጀክቱ ውስጥ የጊትአትሪቢዩትስ ፋይል (ጊት ፋይሎችን እንዴት እንደሚይዝ የሚታዘዝበት) አስገቡ። የባሽ ስክሪፕቶች ሁሌም በኤልኤፍ (በሊኑክሷ አንድ ምልክት) እንዲወጡ እዚያ ላይ እዘዙ። በየግላችሁ የጊት ሴቲንግ አትተማመኑ፤ ነገ ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ያው ጣጣ ይመለሳል።

መልስ፣ ከደሴ

ልክ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱንም ስክሪፕት ጣሉት ባይ ነኝ። የፋይሎቹ ዝርዝር አንድ ቦታ ብቻ ይኑር፣ ሲሜክ በሚባለው የቢልድ ማዘጋጃ ላይ። ሲሜክ ራሱ ኮምፓይል አያደርግም። ከዚያው ዝርዝር ተነስቶ ለሱ የቪዥዋል ስቱዲዮ ፕሮጀክት፣ ላንቺ ሜክፋይል (የቢልድ መመሪያ ፋይል) ያወጣል። የቀረውን፣ ፋይል መቅዳቱን፣ ዚፕ ማድረጉን፣ ቴስት ማስኬዱን በፓይተን ጻፉት። የፎልደር አድራሻ በእጅ አትገጣጥሙ፤ አድራሻ የሚገጣጥመው ፓዝሊብ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ አብሮ ይመጣል።

ዳታውን ኤስኪውላይት በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ሶርስ ኮዱን እዚያው ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡት። መላው ላይብረሪ በአንድ የሲ ፋይል ተጠቃሎ ይገኛል፣ ለማንም ነፃ ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ሥራ አትፈቱም።

ጠያቂ

አላህ ይስጥልኝ! ሲሜኩ እሱ ጋ አለፈ። እኔ ጋ ግን «ስቶክ» የሚለውን ሄደር አጣሁት ይላል።

መልስ፣ ከወልዲያ

ፋይሉ በትልቅ ኤስ ተሰይሞ፣ ኮዱ ውስጥ ሄደሩን የሚጠራው የኢንክሉድ መስመር ላይ በትንሽ ኤስ ተጽፎ ይሆናል። ዊንዶውስ አይለያቸውም፤ ኡቡንቱ ይለያል። ሁሉንም በትንሽ ፊደል አድርጉት። ስሙን ስትቀይሪ በጊት ኤምቪ ትዕዛዝ ይሁን፤ አለዚያ ዊንዶውስ ላይ ጊት ለውጡን ላያየው ይችላል።