ሃይማኖተኛነት በደም ይወረሳል? የቡድን ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ «ሰው ወደ እምነት የሚያዘነብለው በዝግመተ ለውጥ በወረሰው አካልና አእምሮ ነው» የሚል ነው። «ፈጣሪ አለ ወይስ የለም» ሌላ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አይነሣ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁኑ።

ዘረመል፦ እደግፋለሁ። ዋናው ማስረጃ የመንትዮች ጥናት ነው። ከአንድ እንቁላል የተከፈሉ መንትዮች ጂናቸው አንድ ነው፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነት በየቤታቸው አብረው እስካደጉ ድረስ የቤቱ ተጽዕኖ እኩል ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚጸልዩ፣ ወደ ቤተ እምነት ምን ያህል እንደሚሄዱ ተጠይቀው የመጀመሪያዎቹ አብልጠው ከተመሳሰሉ፣ የመመሳሰላቸው ልዩነት በ2 ይባዛና የጂን ድርሻ ይገኛል። ለምሳሌ ፍጹም መመሳሰል 1 ቢባል፣ አንደኞቹ 0.6፣ ሌሎቹ 0.4 ቢመሳሰሉ ድርሻው 40 በመቶ ይሆናል። በአሜሪካ ሚኒሶታ በወንድ መንትዮች ላይ ተሠርቶ በ2005 የወጣው ጥናት የጂንን ድርሻ በልጅነት 12፣ በአዋቂነት 44 በመቶ አድርጎታል። የጋራ አስተዳደግ ድርሻ ደግሞ ከ56 ወደ 18 በመቶ ወርዷል። ልጅን ወላጅ ይዞት ይሄዳል፤ ካደገ በኋላ ግን መሄዱም መቅረቱም የራሱን ዝንባሌ ይከተላል።

ነገረ መለኮት፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩን አልክድም፤ ከቁጥሩ የተወሰደው ትርጉም ነው የሚያስቸግረኝ። 44 በመቶ ማለት የአንድ ሰው እምነት ግማሽ ያህሉ ከጂን መጣ ማለት አይደለም። በዚያ ሕዝብ ውስጥ፣ በሰውና በሰው መካከል ከሚታየው ልዩነት ውስጥ ያን ያህሉ ከጂን ልዩነት ጋር ይሄዳል ማለት ብቻ ነው። መሄድ መቅረት በግለሰቡ ምርጫ የሆነበት አሜሪካ የሚወጣው ቁጥር፣ ጎረቤት በሙሉ በሚጾምበትና ያልጾመ በሚታወቅበት የገጠር ቀበሌ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው። ደግሞም የልጅነቱ 12 በመቶ የተገኘው በልጅነታቸው ተጠይቀው አይደለም፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ወደ ኋላ አስታውሰው የመለሱት ነው። ሰው ደግሞ የትናንቱን በዛሬው መልክ ያስታውሳል።

ልበ ሙሉ፦ ከነገረ መለኮት መምህሩ ጋር እስማማለሁ፤ «አንድ ጂን» ወይም «አንድ የአንጎል ክፍል» የሚለው ፈሊጥም መቆም አለበት። በ2004 «የእግዚአብሔር ጂን» ተብሎ የተወራለት ቪኤምኤቲ2፣ በሰዎች መካከል በመንፈሳዊ ስሜት መለኪያ ከታየው ልዩነት ማስረዳት የቻለው ከ1 በመቶ በታች ነው። በካናዳ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ፐርሲንገር ደካማ የማግኔት ሞገድ በሚረጭ ሄልሜት «አንድ አካል አጠገቤ አለ» የሚል ስሜት ፈጠርሁ ብሎ ነበር። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2005 በ89 ተማሪዎች ላይ ሲሞክሩት፣ ማግኔቱ መብራት አለመብራቱን ተሳታፊውም ፈታኙም እንዳያውቁ አደረጉ። ማግኔቱ ምንም ለውጥ አላመጣም። ስሜቱን የተናገሩት ሲነገራቸው ቶሎ የሚቀበሉ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ፐርሲንገር አሠራሩ ትክክል አልነበረም ብሎ ተከራክሯል።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ እምነት በዝግመተ ለውጥ ራሱን ችሎ አልተመረጠም፤ ለሌላ ጉዳይ የተሠራ አእምሮ የጎን ውጤት ነው። በ1944 ሃይደርና ዚመል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና አንድ ትንሽ ክብ የሚንቀሳቀሱበት አጭር ፊልም ለ34 ሰዎች አሳዩ። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም «ትልቁ ያባርራል፣ ትንሹ ይፈራል» ዓይነት ታሪክ ተናገሩ። ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ነፋስ ነው ብሎ የተሳሳተ ነብር ይበላዋል፤ ነብር ነው ብሎ የተሳሳተ ትንፋሹን ብቻ ያባክናል። ባለሐሳብ አካል በየቦታው የሚያይ አእምሮ የተረፈው ለዚህ ነው፤ መንፈስን ማሰብ ቀላል የሚሆንለትም ለዚሁ ነው።

አዋሽ፦ ነብሩን መፍራት ሬሳን ለምን እንደምናከብር አያስረዳም። በአፋር፣ ሄርቶ ላይ ተገኝተው በ2003 የታወጁት የራስ ቅሎች ወደ 160,000 ዓመት ይጠጋሉ። ከነዚያ ውስጥ የአንድ ሕፃን ቅል የድንጋይ ቢላ ጭረት አለበት። የሥሩ ኋለኛ ክፍል ተሰብሮ ተነሥቷል፤ የስብራቱ ጠርዝ ደግሞ ለስልሷል፣ በእጅ ሲነካካ እንደኖረ ዕቃ። ይህን «ሃይማኖት» ልለው አልደፍርም። ነገር ግን ሥጋ ለመብላት የተቆረጠ አጥንት ተይዞ እየታሸ አይቀመጥም።

ዘረመል፦ ልበ ሙሉ፣ «የጎን ውጤት» ካልሽ ዋጋውን ማስረዳት አለብሽ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ጾሙ ለካህናት በዓመት 250 ቀን ገደማ፣ ለምእመናን 180 ገደማ ይደርሳል። ምንም የማይጠቅም ነገር ይህን ያህል ጉልበት እየበላ ትውልድ አይሻገርም። ሶሲስና ብሬስለር በ2003 በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የነበሩ 83 የጋራ ኑሮ ማኅበራትን መርምረው፣ ሃይማኖታዊዎቹ ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ እንደቆዩ አሳይተዋል። ከነሱም ውስጥ በምግብ፣ በልብስ፣ በንብረት ብዙ መሥዋዕት የሚጠይቁት የበለጠ ቆዩ። ከባድ መሥዋዕት አስመሳዩን ያስወጣል፤ የቀሩት ይተማመናሉ።

ነገረ መለኮት፦ የዚያኑ ጥናት ሌላ ግማሽ ተውኸው። ሃይማኖት በሌላቸው ማኅበራት መሥዋዕቱ ቢጨምርም ዕድሜያቸው አልረዘመም! ስለዚህ ያቆያቸው መራቡ ብቻ አይደለም፤ ስለ ማን ብለው እንደሚራቡ ነው። እሱን ደግሞ ያስተማራቸው መምህር ነው፤ ጂን አያስተምርም።

ልበ ሙሉ፦ በዚህ ነጥብ መምህር ልክ ናቸው፤ በ2016 የታተመ ጥናትም ያግዛቸዋል። ከ8 ማኅበረሰቦች የተውጣጡ 591 ሰዎች ለእያንዳንዱ ጨዋታ 30 ሳንቲም፣ ሁለት ኩባያና ባለሁለት ቀለም ዳይ (ለዕጣ የሚጣል ባለስድስት ጎን መጫወቻ) ተሰጣቸው። አንዱ ኩባያ የራሳቸው ወይም የቅርብ ሰው፣ ሌላው የሩቅ አማኝ፣ ማለትም በሩቅ የሚኖር የራሳቸው እምነት ተከታይ፣ ነው። ተጫዋቹ አንዱን ኩባያ በልቡ ይመርጣል፣ ዳይ ይጥላል፣ አንዱ ቀለም ሲወጣ ሳንቲሙን በመረጠው ኩባያ፣ ሌላው ሲወጣ ባልመረጠው ይጨምራል። ልቡን የሚያይ የለምና ማጭበርበር ይችላል። እውነተኛ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ኩባያ በአማካይ ወደ 15 ሳንቲም ይደርሰዋል። አምላካችን ሁሉን ያውቃል፣ ይቀጣልም ያሉት ለማያውቁት የሩቅ አማኝ የበለጠ አስገቡ። ዳዩን ሲጥሉ «ያየኛል» የሚለውን ስሜት አእምሯችን ይዞት የተወለደ ይመስለኛል፤ የሚያየው ማን እንደሆነና ለየትኛው በደል እንደሚቀጣ ግን በየማኅበረሰቡ ተለያይቷል።

ዘረመል፦ «ይዞት የተወለደ» ካልሽ ከኔ ጋር ነሽ።

ልበ ሙሉ፦ በስሜቱ አዎ። ለእምነት ተብሎ ተመረጠ በሚለው ግን አይደለሁም፤ ያን ለማሳየት ሌባም ጎረቤትም ሲያየን የማይነሣ፣ ለአምላክ ብቻ የሚነሣ ስሜት ማምጣት አለብህ።