ጎሲፕ፦ ከአበልጅ ወደ ሐሜት

«ጎሲፕ» ሲባል ሁላችንም ጆሮ ላይ የሚመጣው ሐሜት ነው። ቃሉ ግን የተወለደው ክርስትና ቤት ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ «ጎድሲብ» ነበር። «ጎድ» እግዚአብሔር፣ «ሲብ» ዘመድ። «ሲብሊንግ» (ወንድም ወይም እህት) ውስጥ ያለችውም ይህችው «ሲብ» ናት። ዝምድና ብቻ ሳይሆን ሰላም ማለትም ነበረች፤ እኔ ይሄን ሳውቅ ቃሉን የበለጠ ወደድኩት። እንግዲህ ጎድሲብ ማለት በሥጋ ሳይሆን በእግዚአብሔር የተዛመደ ሰው ነው።

«የክርስትና አባት» ብለን ብንተረጉመው ይጎድላል። የክርስትና አባትነት ለልጁ ነው። ጎድሲብ ግን ክርስትና ያነሳው ሰው ከወላጆቹም ጋር ያለውን ዝምድና ይጨምራል። ለዚህ እኛ ጥሩ ቃል አለን፦ አበልጅ።

ከዚያ ቃሉ በአፍ ሲመላለስ «ድ»ን «ስ» ዋጠቻት፣ የመጨረሻዋ «ብ» ወደ «ፕ» ዞረች። «እግዚአብሔር» በንግግር «እግዜር» እንደሚሆነው ማለት ነው።

ትርጉሙ ግን ረጅም መንገድ ሄዷል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጎሲፕ የልብ ወዳጅም ነበር። ቆይቶ ሴት ስትወልድ አጠገቧ የሚሰበሰቡት ሴቶች ጎሲፕ ተባሉ። ወንድ አይገባም። ምጡን አብረው ይጠብቃሉ፣ ያጽናናሉ፣ ያወራሉ። «ማርያም ማርያም» የሚባልበትን ቤት፣ የአራሷን ገንፎ ለሚያውቅ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ወሬ ለሚያበዛ ሰው ዋለ። በ19ኛው መጀመሪያ ደግሞ ወሬው ራሱ ጎሲፕ ተባለ።

ለምን ወረደ? እኔ የሚመስለኝ ስሙን ያጠፉት ከበር ውጭ የቀሩት ናቸው። ፈረንሳይኛን እዩ። «ኮሜር» ሲተነተን «አብራ እናት» ነው፣ የክርስትና እናት ማለት ነበር፤ ዛሬ ወሬኛ ሴት ነው። በስፓኒሽም ያንኑ «አብራ እናት» ማለት ከሆነው «ኮማድሬ» ሐሜትን የሚገልጽ ግስ ወጥቷል። የወንዱ «ኮምፓድሬ» ግን እስካሁን የተከበረ ወዳጅ ነው። ሁለቱም የቆሙት አንድ ጥምቀት ላይ ነበር፤ የወረደው የሴቷ ስም ብቻ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

የኛው አበልጅ ክብሩን እንደያዘ አለ። «አበልጄ ነው» ከተባለ ነገሩ ከባድ ነው፣ ጋብቻ እንኳ ይከለክላል። በእናንተ አካባቢስ ክርስትና ላልተነሳሱ የልብ ወዳጆችም «አበልጅ» ይባላል?