ከቴክኖሎጂ ሙያ ውጭ ያለ ሰው አካውንቶቹን ለመጠበቅ ከየት ይጀምር?

ጥያቄ

ሙያዬ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው፤ ስለ ኮምፒውተር የማውቀውም ለሥራዬ የሚበቃኝን ያህል ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ታላቅ እኅቴ ከአንዲት ጓደኛዋ አካውንት «ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር በስህተት ወደ ስልክሽ ተልኮብኛል፤ እባክሽ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ደረሳት። ጓደኛዋ መስላት ቁጥሩን ላከች። ወዲያው ከመልእክት መተግበሪያዋ ተባረረች፤ ሌባውም በእርሷ ስም ለዘመድ አዝማድ «ገንዘብ አበድሩኝ» እያለ መጻፍ ጀመረ። እኔም ለኢሜይሌ፣ ለባንኬና ለሌላው ሁሉ የምጠቀመው ከሁለት ፊደላት በቀር አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ስለሆነ ከዚያን ቀን ወዲህ ሥጋት ገብቶኛል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ አልችልምና ቅድሚያ ልሰጠው የሚገባኝን ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

እኅትዎን አይዞሽ ይበሉልኝ፤ በዚህ ዘዴ የሚታለሉት ሞኞች ሳይሆኑ ጓደኛቸውን ለመርዳት የሚቸኩሉ ሰዎች ናቸው። መተግበሪያው ዋትስአፕ ከሆነ በራሷ ቁጥር እንደገና ስትመዘገብ ሌባው ይወጣል። ሌባው የራሱን ፒን (ተጨማሪ የሚስጥር ቁጥር) አስገብቶበት ከሆነ ግን መልሳ እስክትገባ 7 ቀን መጠበቅ ሊኖርባት ይችላል፤ እስከዚያው ለዘመዶቿ ደውላ ታስጠንቅቃቸው።

ከእርስዎ አካውንቶች ቅድሚያ የሚገባው ኢሜይልዎ ነው። በአብዛኞቹ አገልግሎቶች «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን ሲጫኑ አዲሱ መክፈቻ የሚላከው ወደ ኢሜይል ስለሆነ፣ እዚያ የገባ ሰው የቀሩትን በሮች አንድ በአንድ ይከፍታቸዋል። ዛሬውኑ ለኢሜይልዎ ብቻ፣ ሌላ ቦታ ፈጽሞ ያልተጠቀሙበት፣ እርስ በርስ ከማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት የተሠራ ረጅም የይለፍ ቃል ያውጡ። የሁለት ፊደላት ልዩነት አያድንዎትም፤ ከአንድ ድረ ገጽ የተሰረቀ የይለፍ ቃል በሌሎች ድረ ገጾች ላይ በፕሮግራም ይሞከራል፣ እንዲህ ያሉት ጥቃቅን ለውጦችም አብረው ይሞከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን (የባለሙያዎች ማኅበራዊ ድረ ገጽ) የተሰረቀው ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ለሽያጭ የወጣው በ2016 ነበር፤ ስለዚህ የድሮ የይለፍ ቃል ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

መልስ 2

ከላይ የተባለው ትክክል ቢሆንም፣ ለየአካውንቱ የተለየ የይለፍ ቃል በቃል መያዝ ለማንም አይቻልም። ቢትዋርደን ወይም ኪፓስን የመሰለ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ቢጠቀሙ እርስዎ የሚያስታውሱት አንዱን ዋና ቃል ብቻ ይሆናል። እኔ በተለይ የምወድለት ነገር አለ፦ በአሳሹ (ድረ ገጾችን በሚከፍቱበት ፕሮግራም) ላይ ሲጫን የይለፍ ቃሉን የሚሞላው የድረ ገጹ አድራሻ ከተመዘገበው ጋር ሲገጥም ነው። ገጹ የባንክዎን ገጽ መስሎ ሳጥኑ ባዶ ከቀረ፣ በእጅዎ ከመሙላትዎ በፊት አድራሻውን ፊደል በፊደል ያንብቡ። መተግበሪያው ከከበደዎት ደግሞ ቤት በሚቀመጥ ደብተር ላይ መጻፍ አያሳፍርም፤ ከሩቅ ሆኖ የሚሞክር ሌባ ደብተርዎን ማንበብ አይችልም።

መልስ 3

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ቁጥር የሚጠይቀውን ጥበቃ አይርሱ። በአጭር መልእክት የሚላከው ቁጥር ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም አጭበርባሪ የስልክ ድርጅቱን አታልሎ ቁጥርዎን በሌላ ሲም ካርድ ካወጣ መልእክቱ የሚደርሰው ለእርሱ ነው። የማረጋገጫ መተግበሪያ ግን በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠውን ቁጥር ያለ ኢንተርኔትም እዚያው ስልክዎ ላይ ያወጣል። ስልኩ ቢጠፋ መግቢያ እንዳያጡ አገልግሎቱ የሚሰጥዎትን መጠባበቂያ ኮዶች (በዚያ ቁጥር ፈንታ የሚያስገቧቸውን) በወረቀት አትመው ያስቀምጡ። የትኛውንም ቢመርጡ ቁጥሩን ለጠየቀዎት ሰው ከሰጡ ጥበቃው ያበቃል፤ የጠየቀው ወንድምዎ ቢመስልም መጀመሪያ ደውለው ድምፁን ይስሙ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የኢሜይሌን የይለፍ ቃል ከለወጥሁ በኋላ የደኅንነት ገጹን ስከፍት፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሸጥሁት ስልክ እስካሁን ከአካውንቴ እንዳልወጣ አየሁ። የመጠባበቂያ አድራሻዬም ከለቀቅሁት መሥሪያ ቤት የተሰጠኝና አሁን መክፈት የማልችለው ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም አስወግጃለሁ፤ ቅዳሜ ከእኅቴ ጋር ተቀምጠን ወደ ባንኩ እንሻገራለን።