ለአራት ወራት በኢንተርኔት ሥራ ፈልጌ መልስ አጣሁ፤ ስህተቴ የቱ ላይ ነው?

ጠያቂ፦ መዝገብ ያዥ

ጤና ይስጥልኝ። ለስድስት ዓመታት በንብረት ክፍል ስሠራ ቆይቼ የኮንትራት ውሌ ሳይታደስ በመቅረቱ ከአራት ወራት በፊት ሥራ ፈትቻለሁ። ሥራዬ ዕቃ መረከብ፣ ወጪ ማድረግ፣ ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) መመዝገብ፣ እንዲሁም በየወሩ መጨረሻ በመዝገብ ላይ ያለው ቁጥር በመደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር መግጠሙን ቆጥሮ ማረጋገጥ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየማለዳው ስልኬን ከፍቼ ሁለት የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾችን አያለሁ፤ ለሙያዬ የቀረበ ነገር ካገኘሁም «አመልክት» የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ያንኑ አንድ ሲቪ እልካለሁ። በደብተሬ ላይ እንደያዝኩት እስከ ትናንት ድረስ 137 ቦታ አመልክቻለሁ። መልስ የሰጡኝ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ አለመመረጤን የሚገልጹ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ ስሄድ የሥራ መደቡ ከልምዴ ጋር የማይገናኝ ሆኖ ተገኘ።

ሲቪዬን ያዘጋጀሁት ከኢንተርኔት ባወረድኩት ባለ ሁለት ዓምድ ቅጽ ነው። በግራ በኩል ፎቶዬና ችሎታዬ፣ በቀኝ በኩል የሥራ ልምዴ፣ ከላይ በገጹ ራስጌ ደግሞ ስልኬና ኢሜይሌ ይገኛሉ። ለዓይን ያማረ ስለሆነ ችግሩ ከሱ ይመጣል ብዬ አልጠረጠርኩም።

እንድትመልሱልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ የምልከውን ማመልከቻ ሰው ያየዋል ወይስ ኮምፒውተር ነው የሚጥለው? የማመለክትበትን ቁጥር ልጨምር ወይስ አካሄዴን ከሥሩ ልቀይር? ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ በራሴ ላይ ያለኝ እምነት እየቀነሰ ስለመጣ ከልብ የመነጨ ምክር እሻለሁ።

መልስ 1፦ ከቅጥር ክፍል

ወንድሜ፣ በቅድሚያ አይዞዎት። በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ከሚቀበሉት ሠራተኞች አንዷ ስለሆንኩ ከወዲያኛው ጫፍ ምን እንደሚታይ ልንገርዎት።

ብዙ ቀጣሪዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት አመልካቾችን መዝግቦ በሚከታተል ሶፍትዌር ነው። ሲቪው ሲገባ ሶፍትዌሩ ጽሑፉን አንብቦ ስም፣ ስልክ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ መደብ፣ የአገልግሎት ዘመን እያለ በየሳጥኑ ይከፋፍለዋል። «ኮምፒውተሩ ጣለኝ» ሲባል የምንሰማው በአብዛኛው የተጋነነ ነው፤ እኔ በምሠራበት ሥርዓት ውስጥ ሲቪን መዝኖ በራሱ ውሳኔ የሚጥል ነገር የለም። በራሱ የሚያስወጣው ከማመልከቻው ጋር ለሚቀርቡት አስገዳጅ ጥያቄዎች የተሰጠውን መልስ አይቶ ነው፤ ለምሳሌ «የመንጃ ፈቃድ አለዎት?» ለሚለው «የለኝም» ያለ ሰው መስፈርቱ የግድ ከሆነ ወዲያው ከዝርዝሩ ይወጣል። ስለዚህ በስልክ ላይ በችኮላ እየነካን የምናልፋቸው እነዚያ ጥያቄዎች ከሲቪው ባልተናነሰ ጥንቃቄ ሊሞሉ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ሥራ ነው። በአንድ ማስታወቂያ ብዙ ማመልከቻ ሲገባ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ስለማልችል በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «የንብረት ቆጠራ» ወይም «ቢን ካርድ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ቃሉ ያለበት ሲቪ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሌለበት ደግሞ የባለቤቱ ልምድ የቱንም ያህል ቢሆን ከታች ይቀራል። እርስዎ ለ137 ቦታ አንድ ሲቪ ሲልኩ በ137 ማስታወቂያዎች ላይ የተጻፉትን የተለያዩ ቃላት በአንድ ወረቀት ለመመለስ ሞክረዋል ማለት ነው። ያልሠሩትን ይጻፉ ማለቴ አይደለም፤ የሠሩትን ነገር ማስታወቂያው በጠራበት ስም ይጥሩት ማለቴ ነው። «ንብረት ተቆጣጥሬአለሁ» ከማለት ይልቅም ስንት ዓይነት ዕቃ ያለበትን መጋዘን፣ በየስንት ጊዜው፣ በምን ሶፍትዌር ወይም በምን መዝገብ እንደተቆጣጠሩ በቁጥር ቢያስቀምጡት የሚያነብዎት ሰው ዓይኑ ያርፍበታል።

ስለ ቅጹ ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ባለ ሁለት ዓምድ ቅጽ ሲገባ አንዳንዱ ሶፍትዌር ዓምዶቹን ለይቶ በማንበብ ፈንታ መስመሩን ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ስለሚያነበው፣ በግራ ያለው «ኤክሴል» በቀኝ ካለው የድርጅት ስም ጋር ተጣብቆ ትርጉም የሌለው ዓረፍተ ነገር ይሆናል። በራስጌ ውስጥ የተጻፈ ስልክና ኢሜይል ደግሞ ጨርሶ የማይነበብበት ጊዜ አለ። በቅርቡ የአንዲት አመልካች መዝገብ ስከፍት የስልክ ሳጥኗም የኢሜይል ሳጥኗም ባዶ ነበር። ልምዷ ስለሳበኝ ዋናውን ፋይል አውርጄ ባየው ሁለቱም በራስጌው ላይ በሚያምር ቀለም ተጽፈው አገኘኋቸው። እሷን አገኘሁ፤ ፋይላቸውን ሳልከፍት ያለፍኳቸው ሌሎች ስንት እንደሆኑ ባሰብኩ ቁጥር ግን ይከብደኛል።

አሁኑኑ ራስዎን መፈተን ይችላሉ። የሲቪዎን ፋይል ከፍተው ጽሑፉን በሙሉ ይምረጡ፣ ይቅዱት፣ ከዚያም ምንም ማስዋቢያ በሌለው ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ላይ ይለጥፉት። እዚያ ላይ የሚያዩት ሶፍትዌሩ ከሚያየው ጋር ይቀራረባል። ምንም ካልተለጠፈ ፋይልዎ ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ነው ማለት ነው፤ ወረቀት ስካን አድርገው የሚልኩ ብዙ ሰዎች በዚህ ይቸገራሉ።

መልስ 2፦ ቀድሞ ፈላጊ

እህታችን ስለ ሲቪው የተናገሩት በቂ ስለሆነ እኔ ስለ ፍለጋው ብቻ እጨምራለሁ። በማለዳ ተነስተው የሚያዩት ሁለት ድረ ገጽ ብቻ ከሆነ ከሚወጣው ሥራ የሚያገኙት ጥቂቱን ነው።

የመጀመሪያው ችግር የስም ነው። የእርስዎን ሥራ አንዱ ቀጣሪ «ስቶር ኪፐር» ይለዋል፣ ሌላው «የንብረት ክፍል ሠራተኛ»፣ ሦስተኛው «የመጋዘን ተቆጣጣሪ»፣ አራተኛው «ኢንቬንተሪ ክለርክ»፣ አንዳንዱም «ሎጂስቲክስ ረዳት» በሚለው ሥር ይደብቀዋል። በአንዱ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የአራቱን ማስታወቂያ አያይም። እኔ ሥራ ስፈልግ ያደረግኩት ይህን ነበር፦ ከሙያዬ ጋር የሚሄዱ ወደ ሃያ የሚሆኑ ማስታወቂያዎችን ሳላመለክት ዝም ብዬ አነበብኩ፣ የመደቡን መጠሪያ ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ መጠሪያ ማስታወቂያ ሲወጣ በኢሜይል እንዲደርሰኝ አስመዘገብኩ። ሁለት ሰዓት የፈጀ ሥራ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ካደረግኩት ሁሉ ግን የበለጠ ጠቀመኝ።

ሁለተኛው ምንጩን ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደ ተጀመረው ኢንዲድ ያሉ ድረ ገጾች ቀጣሪዎች በቀጥታ ከሚያወጡት በተጨማሪ ከሌሎች ገጾች የተለቀሙ ማስታወቂያዎችን ሲያሰባስቡ ኖረዋል፤ ጎግልም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከየድረ ገጹ የተሰበሰቡ የሥራ ማስታወቂያዎችን በፍለጋ ውጤቱ ውስጥ ለብቻ ያሳያል። ምቹ ናቸው፤ ነገር ግን የተለቀመ ማስታወቂያ ዋናው ከተዘጋ በኋላም ተሰቅሎ ሊቆይ ይችላል። ካመለከቱባቸው መካከል ገና ሲያመለክቱ ቦታው የተያዘ የነበረ አይጠፋም። ስለዚህ ማስታወቂያውን የትም ቢያዩት ወደ ቀጣሪው የራሱ ድረ ገጽ ሄደው መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከተቻለም በዚያው ያመልክቱ። ሊሠሩባቸው የሚፈልጓቸውን ድርጅቶች ዝርዝር ይዘው የቅጥር ገጻቸውን በሳምንት አንድ ቀን ማየትም አይከፋም፤ በሌላ ቦታ የማይለጠፍ ማስታወቂያ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በጎግል ሲፈልጉ ደግሞ የመደቡን ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገቡት ቃላቱ ተከትለው የተጻፉበትን ገጽ ብቻ ያመጣልዎታል። የማይፈልጉትን ቃል ክፍተት ሳይተዉ የመቀነስ ምልክት ቢያስቀድሙበት ያ ቃል ያለበት ገጽ ይቀራል። «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (site) ጽፈው፣ ሁለት ነጥብ (:) አድርገው ክፍተት ሳይተዉ የአንድ ድርጅት ድረ ገጽ አድራሻ ቢያስከትሉ ደግሞ ፍለጋው በዚያ ድረ ገጽ ውስጥ ብቻ ይሆናል።

ሳልረሳው፦ ስምዎን በላቲን ፊደል ሲጽፉ በሲቪ፣ በኢሜይልና በትምህርት ማስረጃ ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይኑረው። በአንድ ፊደል ልዩነት ማስረጃዬ የሌላ ሰው መስሎ ብዙ ደብዳቤ አጻጽፎኛል።

መልስ 3፦ የተቃጠለች

እኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፤ ጠያቂው ያሉበት የድካም ስሜት ውስጥ ሆኜ ስለተታለልኩ ነው።

ለአምስት ወራት ፈልጌ ከታከተኝ በኋላ «ተመርጠዋል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ያለ ቃለ መጠይቅ ነበር። ደመወዙ ከለመድኩት እጥፍ ነበር፤ መጠርጠር የነበረብኝም እዚያው ላይ ነው። ለሥልጠናና ለመመዝገቢያ የሚሆን ገንዘብ በሁለት ቀን ውስጥ እንዳስገባ፣ የመታወቂያዬንም ፎቶ ከፊትና ከኋላ እንድልክ ጠየቁኝ፤ ሁለቱንም አደረግኩ። በማግስቱ ስልካቸው ተዘጋ። የኢሜይሉን አድራሻ ተረጋግቼ ያየሁት ያኔ ነው፤ በእውነተኛው ድርጅት ስም ውስጥ ኤል የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል በቁጥር 1 ተተክቶ ነበር። በስልኬ ጠባብ መስታወት ላይ ሁለቱ አይለዩም።

ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ መታወቂያዬ በማን እጅ እንዳለ አለማወቄ ነው።

ሥራ ፈላጊ ከፍሎ አይቀጠርም። ይህ የኔ አስተያየት ብቻ አይደለም፤ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ቁጥር 181 ስምምነት፣ ሁሉም አገሮች ባያጸድቁትም፣ የግል አሠሪና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ በመርህ ደረጃ ይከለክላል፤ የሚፈቀድ ልዩ ሁኔታ ካለም በሚመለከተው የመንግሥት አካል የሚወሰን ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲጠየቁ በኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ፤ የድርጅቱን ድረ ገጽ ራስዎ ፈልገው እዚያ በተጻፈው ቁጥር ደውለው ይጠይቁ። የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የመታወቂያ ቅጂም ውል ከመፈረም በፊት የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ በሲቪ ላይም የመታወቂያ ቁጥር አይጻፍም።

ጠያቂው ተመልሶ፦ መዝገብ ያዥ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን ፈተና ማታውኑ ሞከርኩት። የተለጠፈው ጽሑፍ የሚጀምረው «ኤክሴል ጥሩ ዕቃ መረከብና ቋንቋ» በሚል መስመር ነው፤ ስልኬና ኢሜይሌ የሉም። አራት ወር ሙሉ ስልኬን አጠገቤ አስቀምጬ ስጠብቅ የኖርኩት ቁጥሬን ያላዩ ሰዎች እንዲደውሉልኝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ሲቪውን በአንድ ዓምድ እንደገና ጻፍኩት። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል፦ ባለሙያዎች በሚተዋወቁበት በሊንክድኢን ድረ ገጽ ላይ የራሴ ገጽ አለኝ፤ ይሁንና ሥራ ማጣቴን ለማውቃቸው ሰዎች መንገር ስለከበደኝ ማንንም አላነጋገርኩም። የቅርብ ጓደኞቼ ሁሉ ደግሞ በዚያው በነበርኩበት ሙያ ያሉ ስለሆኑ የሚያውቁት እኔ የማውቀውን ነው።

መልስ 4፦ ቀድሞ ፈላጊ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርዎን መልሰው ያንብቧት፤ ማርክ ግራኖቬተር የተባሉት የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 የጻፉት ነገር ይኸው ነው። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ስለሆነ አዲስ የሥራ ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አልፎ አልፎ ብቻ ከምናገኘው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን በአምስት ዓመት ውስጥ የተመለከተ ጥናትም ይህንኑ አጠናክሯል፤ ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የረዳው ጨርሶ ባዕድም ያልሆነ፣ የቅርብ ወዳጅም ያልሆነ ትውውቅ ነበር። ለስድስት ዓመታት ዕቃ ሲያመጡልዎት የነበሩትን አቅራቢዎች፣ ሊቆጥሩ ይመጡ የነበሩትን ኦዲተሮች ያስቧቸው። እነሱ ብዙ መጋዘን ያያሉ፤ እርስዎ በቆጠራ ላይ እንዴት እንደሚሠሩም በዓይናቸው አይተዋል። ሥራ ስጡኝ ብለው አይለምኗቸው፤ የሚያውቁት ክፍት ቦታ ካለ እንዲጠቁሙዎት ብቻ ይጠይቋቸው። ያን ጊዜ የሚያፍርም የሚጨነቅም አይኖርም።

ጠያቂው፦ መዝገብ ያዥ

ለቀድሞ አቅራቢያችን የጻፍኩት ይህ ነው፤ ከመላኬ በፊት እዩልኝ። «ጤና ይስጥልኝ። ለአራት ዓመታት የካርቶን ዕቃ ስታስረክቡን ንብረት ክፍል የምረከባችሁ እኔ ነበርኩ። ውሌ አልቆ አሁን በሌላ ቦታ ተመሳሳይ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ከምትመላለሱባቸው ድርጅቶች መካከል የንብረት ሠራተኛ የሚፈልግ እንዳለ ብትሰሙ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም። ሲቪዬን አያይዣለሁ።»

መልስ 5፦ ከቅጥር ክፍል

እጅግ ጥሩ ነው ወንድሜ፤ አጭርም ግልጽም ነው። ከሥሩ ስምዎንና ስልክ ቁጥርዎን ብቻ ይጨምሩበት፤ ዛሬውኑ ይላኩት።