ባዶ የጀልባ ተሳቢ፦ ጎማ ማውለቅ ብቻውን አልበቃም

ሲያትል ነኝ። ጀልባዋ ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ ላይ ስለምትቆይ ባለ አንድ አክስል ተሳቢዋ ክፍት ማቆሚያ ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች። ባዶዋን 250 ኪሎ ስለማትሞላ ሁለት ሰው ገፍቶ ያወጣታል።

እንዳትሰረቅ ከመኪናው መጎተቻ ኳስ ጋር የምትያያዝበትን የ2 ኢንች ኳስ መግቢያ ቆለፍኩት፤ ሌባ ግን የተሳቢዋን አፍ በሰንሰለት መኪናው ላይ አስሮ መጎተት ይችላል። 10 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት በቸርኬውና በሻንሲው አሳለፍኩ፤ ከአምስቱ ዳዶዎች ሁለቱ ተፈተው አገኘኋቸው። ሁሉም ቢፈቱ ቸርኬው ሰንሰለቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሌላ ጎማ ይገጠማል። ጎማዎቹን አውልቄ በብሎኬት ባቆማትም ያው ነው፤ 5ቱ ብሎኖች በ4.5 ኢንች ክብ ላይ የተደረደሩ ናቸው፣ የትም የሚገኝ የጎማ ልክ ነው። አስፋልቱን መብሳት አይፈቀድም፣ ምሰሶም አጠገቧ የለም።

ጎማዎቹ ከወለቁ በኋላ ሌላ ጎማ እንዳይገባ ብሎኖቹ ላይ ምን ልግጠም?