የህብረት ስምምነታችን ሊያበቃ ነው፤ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅማችን ምን ይሆናል?

የፈረቃ ሠራተኛ (ጠያቂ)

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በአንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ ስሆን፣ ባልደረቦቼ በቅርቡ ለሠራተኛ ማኅበራችን የድርድር ኮሚቴ አባልነት መርጠውኛል። ከአሠሪው ጋር የተፈራረምነው የህብረት ስምምነት ለሦስት ዓመት የጸና ሲሆን ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃል። በስምምነቱ መሠረት በየዓመቱ ሐምሌ የደመወዝ ጭማሪ ይደረግልናል፤ ከዚህም ሌላ የትራንስፖርት አበል፣ የምሳ ድጎማ፣ ቤተሰብን የሚጨምር የሕክምና ወጪ ሽፋን፣ የሥራ ልብስ፣ እንዲሁም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከሚሰጠው የሚበልጥ የዓመት ፈቃድ እናገኛለን።

ድርድር እንዲጀመር በተደጋጋሚ በቃል ብንጠይቅም «ሒሳቡ ተዘግቶ ይታይ» ከሚል ምላሽ በቀር ያገኘነው ነገር የለም። አሁን ስምምነቱ ሊያበቃ ሁለት ወር ያህል ብቻ ቀርቶታል። አንድ የሥራ ኃላፊም ስምምነቱ ካበቃ በኋላ ከአዋጁ በላይ የሚከፈል ነገር እንደማይኖር ለሠራተኞች በመናገሩ በየፈረቃው ከፍተኛ ሥጋት ተፈጥሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮው እንዴት እንደከበደ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በ2015 ዓ.ም. በቂ ነው ብለን የፈረምንበት ጭማሪ ዛሬ የቤት ኪራይ ልዩነትን እንኳን አይሸፍንም።

ስምምነቱ ባበቃ ማግስት ጥቅሞቹ በእርግጥ ይቋረጣሉ ወይ? በድርድሩስ ጭማሪውን በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብንጠይቅ ይሻላል ወይስ በአበል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳውም።

የቀድሞ ሊቀመንበር

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ኅዳር 30ን ብቻ ሳይሆን የካቲት 30ንም በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አክብቡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተዋዋዮቹ ስምምነቱን ለማሻሻል ወይም ለመተካት የሚያደርጉትን ድርድር ስምምነቱ ከማብቃቱ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት እንዲጀምሩ ያዛል። ድርድሩ ስምምነቱ ካበቃበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠናቀቀ ደግሞ ስለ ደመወዝና ስለ ሌሎች ጥቅሞች የሚናገሩት የስምምነቱ ድንጋጌዎች ተፈጻሚ መሆናቸው ያበቃል። ስለዚህ ኃላፊው እንደተናገሩት በማግስቱ የሚቋረጥ ነገር የለም፤ ነገር ግን ጊዜው የሚሮጠው በእናንተ ላይ መሆኑን ማወቅ ይገባችኋል። በእኔ እምነት ይህ ድንጋጌ ለሠራተኛው እጅግ የከበደ ነው፤ ድርድሩን የሚያጓትት ወገን ከማጓተቱ እንዲጠቀም በር ይከፍታልና።

በቃል መጠየቃችሁ ከዛሬ ጀምሮ ይብቃ። አዋጁ ድርድር የሚፈልገው ወገን ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ የድርድር ረቂቅም አዘጋጅቶ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ጥያቄው የደረሰው ወገን በአሥር ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት፤ ሁለቱም በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታ አለባቸው። ደብዳቤውን በማኅበሩ ማኅተም አድርጋችሁ፣ ቀንና ቁጥር ጽፋችሁ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉና በግልባጫችሁ ላይ አስፈርሙ። ለድርድሩ የሥነ ሥርዓት ደንብ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እያንዳንዱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይኑረው፤ ሁለቱም ወገኖች በዚያው ዕለት ይፈርሙበት። አሥሩ ቀን ካለፈ ደግሞ ወደ አካባቢያችሁ ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዳችሁ አስማሚ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽናችሁም ከጅምሩ ይወቀው፤ ከሌሎች ፋብሪካዎች የተፈረሙ ስምምነቶችን ለማነጻጸሪያ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ሌላ መላሽ (ስለ ሕጉ)

የቀድሞው ሊቀመንበር የጠቀሱት የሦስት ወር ድንጋጌ በ2011 የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 494/1998 የገባ ሲሆን አሁን ባለው አዋጅም እንዲቀጥል ተደርጓል። ብዙ የህብረት ስምምነቶች «በአዲስ ስምምነት እስኪተካ ድረስ ይጸናል» የሚል አንቀጽ ስላላቸው ማኅበራት ይህን ይዘው ይዘናጋሉ። የእናንተም እንዲህ ያለ አንቀጽ ቢኖረው እንኳን በእሱ ብቻ ባትተማመኑ እመክራለሁ። በድርድሩ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ «አዲሱ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የነበሩት ክፍያዎችና ጥቅሞች ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ» የሚል አጭር የጊዜያዊ ስምምነት ሰነድ አዘጋጅታችሁ ሁለቱም ወገኖች እንዲፈርሙበት አድርጉ። በቅን ልቦና የሚደራደር አሠሪ ይህን ለመፈረም የሚቸገርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው መለየት ያለበት ነገር፣ ወደፊት ይደረጋል የተባለ ጭማሪና እስካሁን በደመወዝ ላይ የተጨመረ ገንዘብ አንድ አለመሆናቸው ነው። በየዓመቱ ሐምሌ በደብዳቤ እየተገለጸላችሁ በደመወዛችሁ ላይ የተደመረው ገንዘብ የእያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ ውል አካል ሆኗል። ውሉ የሚሻሻለው በህብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ስለሆነ፣ አሠሪው የህብረት ስምምነቱ ጊዜ አልፏል በሚል ብቻ ደመወዙን ወደ 2015 መጠን የሚመልስበት መሠረት አለው ብዬ አላምንም። ከሁሉ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጡት ቀጣዩ የሐምሌ ጭማሪና እንደ ምሳ ድጎማና የቤተሰብ ሕክምና ያሉት ከስምምነቱ ብቻ የመነጩ ጥቅሞች ናቸው። የዓመት ፈቃድም ቢሆን ከአዋጁ ወለል በታች አይወርድም፤ ወለሉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን ለየሁለት ዓመት ተጨማሪ አገልግሎት አንድ አንድ ቀን ይታከልበታል።

ስምምነቱ በጸናበት ጊዜ ሳይከፈል የቀረ ነገር ካለ ደግሞ አትዘግዩ። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል። ድርድሩ ሲያልቅ አብረን እንጠይቀዋለን በማለት ብዙ ሠራተኛ የላቡን ዋጋ አጥቷል።

የሰው ኃይል ባለሙያ

ለዓመታት በአሠሪ በኩል በድርድር ጠረጴዛ ስለተቀመጥሁ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ከዚያ ወገን እንደሚታየው ላስረዳ። አሠሪ ጭማሪን በአበል መልክ መስጠት የሚመርጠው አበል ሌሎች ወጪዎችን ይዞ ስለማይነሣ ነው። በአዋጁ ትርጉም የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንና የመሳሰሉት ደመወዝ አይደሉም። ስለዚህ በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ በሚሰላ ነገር ሁሉ ከሒሳብ ውጭ ይሆናሉ።

መሠረታዊ ደመወዙ 8,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበሉ 2,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። ደመወዙ በወር 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋ 38.46 ብር ይሆናል፤ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ 57.69 ብር ይከፈለዋል። አበሉ ወደ ደመወዙ ቢገባ ግን ለዚያው ሰዓት የሚያገኘው 72.12 ብር ነው። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶም ከ880 ወደ 1,100 ብር ያድጋል። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባው ሆኖ አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሪዎቹ ዘጠኝ ዓመታት ለእያንዳንዳቸው የአንድ ሦስተኛ ወር ደመወዝ ስለሚታሰብለት፣ በ32,000 ብር ፈንታ 40,000 ብር ይዞ ይወጣል። ለረጅም ጊዜ ለሚሠራ ሰው መሠረታዊ ደመወዝ እንደሚበልጥ ጥርጥር የለውም።

ሆኖም ሠራተኛው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተወሰነው ልክ ከግብር ነጻ ሲሆን ደመወዝ ግን ግብር ይከፈልበታል፤ ከሠራተኛውም 7 በመቶ ለጡረታ ይቀነሳል። ስለዚህ ያለውን አበል እንዳለ ወደ ደመወዝ ማዛወር በወር መጨረሻ እጅ የሚገባውን ገንዘብ ሊቀንሰው ይችላል። ኮሚቴው ይህን ሳያስረዳ ከፈረመ በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም። የእኔ ምክር ነባሩን የትራንስፖርት አበል እንዳለ ትታችሁ አዲሱን ጭማሪ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ እንድትጠይቁ ነው። ጥያቄያችሁንም በምርት መጠን፣ በሽያጭ፣ ልምድ ይዘው በለቀቁ ሠራተኞች ብዛትና አዲስ ሰው ለማሠልጠን በሚወጣው ወጪ አስደግፉት፤ ኑሮ ተወደደ የሚለው እውነት ቢሆንም የፋይናንስ ኃላፊን የሚያሳምነው የፋብሪካው የራሱ ቁጥር ነው።

የፈረቃ ሠራተኛ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውና ረቂቁ በዚህ ሳምንት ገቢ እንዲሆኑ ኮሚቴው ወስኗል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በኮሚቴው ውስጥ ጭማሪው በመቶኛ ይሁን ወይስ ለሁሉም እኩል ብር በሚለው ተከፋፍለናል። ነባር ቴክኒሻኖች መቶኛ ይሻላል ሲሉ የማሸጊያ ክፍል እኅቶቻችን እኩል ብር ይፈልጋሉ።

የቀድሞ ሊቀመንበር

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። 15 በመቶ ለ4,000 ብር ተከፋይ 600 ብር፣ ለ30,000 ብር ተከፋይ 4,500 ብር ነው፤ ዘይትና ጤፍ ግን ለሁለቱም የሚሸጠው በአንድ ዋጋ ነው። በአንጻሩ በየዓመቱ እኩል ብር ብቻ ከተጨመረ የእርከኖቹ ልዩነት እየጠበበ ሄዶ፣ የተማረና የቆየ ሠራተኛ ልፋቱ እንዳልታየለት ይሰማዋል። እኛ «ጭማሪው በመቶኛ ሆኖ ለማንኛውም ሠራተኛ ግን ከዚህ ብር አያንስም» የሚል አንቀጽ አስገብተን ነበር፤ ወለሉ ዝቅተኛ ተከፋዩን ሲታደግ መቶኛው ደግሞ የእርከኑን ሥርዓት ጠብቆ ይሄዳል። አዋጁ አነስተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ የእናንተን የማሸጊያ ሠራተኞች ወለል ዛሬ ማስከበር የምትችሉት በዚህ ድርድር ነው።

ሌላው፣ የሦስት ዓመት ጭማሪ በአንድ ጊዜ ቆርጣችሁ አትፈርሙ። አዋጁ ከፍተኛ የኢኮኖሚ ለውጥ ሲከሰት ስምምነቱ ጊዜው ሳያልቅ እንደገና እንዲታይ መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከፍተኛ የተባለው ለውጥ ምን ያህል እንደሆነ በስምምነቱ ካልተጻፈ ሲያከራክር ይኖራል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስን ሥራ የተረከበው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የዋጋ ግሽበት መጠን መነሻ አድርጋችሁ፣ ከተስማማችሁበት መጠን ሲያልፍ የደመወዙ አንቀጽ ብቻ እንደገና ለድርድር እንደሚከፈት አስገቡበት። ድርድሩ ከመጀመሩ በፊትም ቴክኒሻኖቹንና የማሸጊያ ክፍል ሠራተኞችን በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ሰብስባችሁ አንድ አቋም አስይዙ፤ የተከፋፈለ ኮሚቴ መሆናችሁን አሠሪው ካወቀ በቅድሚያ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።