የዕቅድ ውይይት፦ የስብርባሪ ቃላት ሰነድ፣ የጋራ ረቂቅ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ አስፈጻሚው የምናቀርበው ረቂቅ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። የተስማማንበት ይህ ነው፦ ስብርባሪና ቁርጥራጭ የሚገልጹ 12 የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ባለ 4 ገጽ ሰነድ፣ ለቋንቋ መምህራንና ለአስተርጓሚ አባሎቻችን። አደራደሩ ግን ገና ነው። በፊደል ተራ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ምን ትላላችሁ?

መምህርት (ሁለተኛ ደረጃ)፦
በፊደል ተራ ከሆነማ መዝገበ ቃላት ይበቃል። ተማሪው የሚሳሳተው «ስባሪ»ን ይዞ ለሁሉም አንድ ቃል ስለሚፈልግ ነው። «የተሰበረው ምንድን ነው?» ከሚለው እንነሣ። ብርጭቆና ሸክላ ከሆነ ሻርድ፤ እንጨት ከሆነ ስፕሊንተር፤ ዳቦ፣ ኬክ፣ ብስኩት ከሆነ ክራም፤ የተላጠ ቀለም፣ የደረቀ ቆዳ፣ የበረዶ ብናኝ ከሆነ ፍሌክ። ወረቀትና ጨርቅ ላይ ሁለት አለ፦ ብጣሹ ስክራፕ፣ በቁመቱ የተተለተለው ሽሬድ። ቺፕ ለብቻው ሣጥን ይሰጠው፤ ከሲኒ ጠርዝ የተሸረፈችውንም፣ ሲኒው ላይ የቀረውን ሽርፍ ቦታም ያው ቃል ይጠራቸዋል። ለንደን ድንች ጥብስ መሆኑን በአንድ መስመር ብንጠቅስ ይበቃል፤ አሜሪካ ግን ያው ቃል በስሱ ተቆርጦ የደረቀው የፓኬቱ ድንች ነው።

ተርጓሚ፦
እስማማለሁ፣ እኅቴ፤ ግን ቁሱ ብቻ አይበቃም። ቀጭንና ሹል የሆነ የብርጭቆ ስንጣሪም ስፕሊንተር ይባላል። ልዩነቱ፣ ምንም ሳይጨመርበት ሲነገር ሰሚው እንጨት ነው ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓምድ ቅርጽ ይሁን። ሦስተኛው የአማርኛ አቻ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ድሃ አይደለንም፦ ለክራም ፍርፋሪ፣ ለስፕሊንተር ስንጥር፣ ለረብል ፍርስራሽ። ለሸክላው ሻርድ ደግሞ ገል አለልን፤ መጽሐፈ ኢዮብ 2፥8 ላይ ኢዮብ ሰውነቱን የሚፍቅበት እሱ ነው። የአርኪዮሎጂ ሰዎች ይህንኑ ሸርድ ብለው ይጽፉታል፤ በግርጌ ይግባ። ፍራግመንት መደበኛ ቃል ስለሆነ ለጥንታዊ ብራና ቁራጭና ለአጥንት ስባሪ እናቆየው። ለወጥ ቤት ወለል አይሆንም።

የሕክምና አስተርጓሚ (ከአሜሪካ)፦
የእኔ ጥያቄ ፍንጣሪ ነው። በአማርኛ የቦምብም፣ የብርጭቆም፣ የድንጋይም ፍንጣሪ እንላለን። ታካሚው «ፍንጣሪ ገብቶብኛል» ሲል አስተርጓሚው ስፕሊንተር ብሎ ካለፈ ሐኪሙ እንጨት ይፈልጋል። እንጨት በተራ ራጅ ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ ብረት ይታያል፣ ብርጭቆም አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። የባሰው ኤምአርአይ ላይ ነው፦ ዓይን ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ በማግኔቱ ተጎትቶ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ሰነዱ ላይ በደማቅ ይጻፍልን፦ ቁሱ ካልተነገረ አስተርጓሚው አይገምትም፤ «የምን ፍንጣሪ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ለሐኪሙ አሳውቆ ይጠይቃል። ለጦርነት ጉዳት ሽራፕነል የግድ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። ቃሉ ከብሪታኒያዊው የመድፈኛ መኮንን ከሄንሪ ሽራፕነል (1761–1842 እ.ኤ.አ.) ስም የመጣ ሲሆን ዛሬ ለማንኛውም የፈንጂ ፍንጣሪ ያገለግላል።
ሌላም፦ ቆዳ ሥር የገባን ስንጥር ስሊቨር የሚሉ የሰሜን አሜሪካ አካባቢዎች አሉ። በሌላው ዘንድ ቃሉ ስስ ቁራሽ ነው፣ የኬክ ወይም የአይብ።

የሰዋስው ክፍል፦
ስሊቨር ላይ ማስጠንቀቂያ ይኑር፤ ተማሪ «ሲልቨር» ብሎ ብር ያደርገዋል። ክራም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ብ» አለ፣ አይነበብም፤ ክራምብል (መፈርፈር) ላይ ግን ይነበባል። ዴብሪም (ውድቅዳቂ ስብርባሪ) መጨረሻው «ስ» ነው፤ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ይዋጣል።
ከዚህ የሚብሰው ቁጥር ነው። ዴብሪ፣ ረብል፣ ሽራፕነል አይቆጠሩም፤ «ኤ ፒስ ኦቭ» (አንድ ቁራጭ) ሳይቀድማቸው አንድ፣ ሁለት አይባሉም፣ የብዙ ምልክትም አይጨመርባቸውም። ስክራፕ የወረቀት ሲሆን ይቆጠራል፤ የብረት ሲሆን አይቆጠርም። ስሚዘሪንስ ሁልጊዜ ብዙ ነው፤ ብቻውንም አይቆምም፣ «እንክትክቱ ወጣ» ለማለት ከስማሽ (መሰባበር) ወይም ከብሎው (በፍንዳታ ማፈራረስ) ጋር ይሄዳል። ከአየርላንድ ቋንቋ የመጣ የጨዋታ ቃል ስለሆነ ቦታ ከጠበበ እሱ ይውጣ።

መምህርት፦
አይውጣ፤ ተማሪ በቀላሉ የሚይዘው እሱን ነው። ሽራፕነል ተጨምሮ 13 ይሁኑ።
ሰነዱን ክፍል ውስጥ ለመሞከር ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። በመጀመሪያው ዕቃ ይታያል፦ ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ ገል፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ብጣሽ ጨርቅ፣ የተሸረፈ ሲኒ። ብርጭቆ በሥዕል ብቻ። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይሞላሉ፤ ከ20ው ጥያቄ 6ቱ በማይቆጠሩት ላይ ይሁኑ፣ አለዚያ ማን እንደገባው አይለይም።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ 13 ቃላት፣ አራት ዓምድ፦ ቁስ፣ ቅርጽ፣ አቻ፣ ይቆጠራል/አይቆጠርም። አነባበቡ በግርጌ። የሕክምናው ሣጥን አንደኛው ገጽ ላይ ይቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ ማንም አያየውም። ተርጓሚው የፍሌክን አቻ እስከ ረቡዕ ይላኩልን፤ «ቅርፊት» የቀረበው ለዛፍ ስለሚመስል አልተወደደም።

ተርጓሚ፦
ለቀለም «ልጣጭ»፣ ለቆዳ «ቅርፍት» ብለን ለሁለት እንክፈለው። አንድ ቃል አልተገኘለትም።